ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤልን ፍለጋ፦ የአንድ እንግሊዛዊ ቅድመ አያት ሕይወት በሦስት የዘር ቆጠራዎች

በአርሲ ደጋ፣ በጢቾና በዙሪያዋ፣ አንድ ሽማግሌ የማያውቀውን ወጣት ሲያገኝ ከስሙ ይልቅ የማን ልጅ እንደ ሆነ ማወቅ ይሻል። ወጣቱ አባቱን ይጠራል፤ ሽማግሌው አያቱን ያስከትላል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ወደ ላይ ሲወጡ ጎሳው ላይ ይደርሳሉ። የአርሲ ኦሮሞ የዘር ሐረግ ከሁለት ታላላቅ ወገኖች፣ ከሲኮና ከመንዶ፣ ይነሣል። ሲኮ በአምስት፣ መንዶ በሰባት ጎሳዎች ይቆጠራሉ። ቆጠራው ለጌጥ የሚደረግ አይደለም። ማን ከማን ጋር ሊጋባ እንደሚችል፣ ነፍስ በጠፋ ጊዜም የጉማውን ካሣ የትኛው ወገን እንደሚያዋጣ የሚወሰነው በዚሁ ነው። ስለዚህም የአባቶችን ስም በቃል መያዝ ለአንድ ሰው ከመታወቂያ ወረቀት የሚበልጥ ዋስትና ሆኖ ኖሯል።

በዚያችው ጢቾ ሌላ ዓይነት ቆጠራም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1886 ከተካሄዱት ዘመቻዎች በኋላ አርሲ በራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ አስተዳደር ሥር ሲውል፣ ከሸዋ የመጡ ወታደሮችና ቤተ ሰቦቻቸው በደጋው ሰፍረዋል። የእነዚህ ልጆች ዘራቸውን የሚቆጥሩት በአባት ብቻ አይደለም፤ በእናትም በአባትም ወደ ላይ ይወጣሉ። እስከ ሰባት ቤት ያለውን ዝምድና ለጋብቻ ሲሉ ያጣራሉ፤ የርስት ነገር ሲነሣም የሴት አያታቸውን አባት ከወንድ አያታቸው አባት እኩል ይጠራሉ። ጢቾ በአርሲ ጠቅላይ ግዛት ዘመን ከጭላሎና ከአርባ ጉጉ ጋር የአውራጃ መቀመጫ ሆና ስትቆይ፣ ሁለቱ ቆጠራዎች በአንድ ገበያ፣ በአንድ ፍርድ ቤት፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ጋብቻ ውስጥ ሲገናኙ ኖረዋል።

ከእነዚህ ከሁለቱ መካከል ቆሞ ለሚመለከት ሰው አንድ የምርምር ጥያቄ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ወደ አንድ አገር ብቻውን የገባ፣ አባቱን የሚያውቅለት ሰው የሌለው፣ በዚያው አግብቶ ወልዶ የሞተ ሰው በየትኛው ቆጠራ ይፈለጋል? በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ከነበሩት እንዲህ ያሉ ሰዎች መካከል እንግሊዛዊው ጆን ቤል፣ በኢትዮጵያ ስሙ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ፣ አንዱ ነው። ይህ ጽሑፍ የእርሱን ሕይወት መነሻ አድርጎ፣ የአንድ ስደተኛ ቅድመ አያት ታሪክ በሚፈለግበት ጊዜ የትኛው መዝገብ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሰውር ይመረምራል።

የወጣበት አገር መዝገብ

እንግሊዛዊ ቅድመ አያት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እንግሊዝ መዛግብት ነው። በዚያ አገር የልደት፣ የጋብቻና የሞት የሲቪል ምዝገባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1837 ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ የሚገኘው ከ1538 ጀምሮ በየአጥቢያው በተያዘው የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ነው። በመላ አገሪቱ እያንዳንዱ ሰው በስሙ የተቆጠረበትና ተጠብቆ የቆየው የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ የ1841 ዓመት ነው።

ቤል በዚህ መረብ ቀዳዳ በኩል ያለፈ ሰው ነው። የሲቪል ምዝገባው ሲጀመር እርሱ ተወልዶ አድጓል፤ ቆጠራው ሲካሄድ ደግሞ በአፍሪካ ምሥራቅ መንገድ ላይ ነበር። ጋብቻው በእንግሊዝ መዝገብ አልገባም፤ ልጆቹ የተወለዱት፣ እርሱም የሞተው በቤጌምድርና በወገራ አካባቢ ነው። ስለዚህ በወጣበት አገር መዝገብ ብቻ የሚፈልገው ሰው ከመነሻው የሚያገኘው አንድ የተቋረጠ መስመር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ማስረጃ የመንግሥት ደብዳቤ ነው። የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስለ ሐበሻ የያዘው የደብዳቤ ስብስብ በለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። ከ1846 እስከ 1868 ያለው ልውውጥም ለፓርላማ ታትሞ ቀርቧል። በእነዚህ ወረቀቶች ውስጥ ግን ዋናው ሰው ወዳጁ ዋልተር ፕላውደን ነው። ፕላውደን በ1820 ተወልዶ፣ በካልካታ በንግድ ሥራ ቆይቶ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በ1843 በስዊዝ ከቤል ጋር ተገናኘና የነጭ ዓባይን ምንጭ ለመፈለግ አብረው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ቤል አገሩን ከዚያ አስቀድሞ አይቶት ነበር። ፕላውደን በ1848 ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ በኅዳር 1849 ከራስ አሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ፤ በ1855 ስለ አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ስለ ቴዎድሮስ ጠባይና ዓላማ ለመሥሪያ ቤቱ የላከው ዘገባ ዛሬም ድረስ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚጠቅሱት ምንጭ ነው። ቆንስል ስለ ነበረ ደመወዙ፣ ጉዞውና ሕመሙ ሳይቀር ተጽፎ ቀርቷል። ከሞተ በኋላም ወንድሙ ጽሑፎቹን ሰብስቦ በ1868 አሳትሞለታል።

ቤል ግን የመንግሥቱ ሹም አልነበረም። በእንግሊዝ ወረቀት ውስጥ የሚታየው ፕላውደን ባለበት ነው፤ እንደ አስተርጓሚ፣ እንደ ወዳጅ፣ እንደ ወሬ ምንጭ። አንድ ተመራማሪ በዚህ ብቻ ቢወሰን፣ ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ የኢትዮጵያ ሕይወት ያለውን ሰው የሌላ ሰው የግርጌ ማስታወሻ ያደርገዋል።

የገባበት አገር መዝገብ

ቤል ከፕላውደን በፊት የነበሩትን የአገሩን ልጆች መንገድ ተከትሏል። ናትናኤል ፒርስ በ1805 ከሄንሪ ሶልት ጋር መጥቶ በትግራይ ቀረ፤ በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት አደረ፤ በጨለቆት ኖረ፤ ኢትዮጵያዊት አገባ፤ በ1818 አገሩን ለቆ ከሁለት ዓመት በኋላ በእስክንድርያ ሞተ። ዊልያም ኮፊን ከ1810 ጀምሮ ቆይቶ ደጃዝማች ሰባጋዲስን አገለገለ፤ በ1827 የደጃዝማቹን መልእክት ወደ እንግሊዝ ይዞ ሄደ፤ ከዚያም ተመልሶ በኢትዮጵያ አረጀ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ፒርስ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ ተወ፤ መጽሐፉም በ1831 ታተመ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያልተወ ሰው ግን የሚታወቀው በገባበት አገር ባገኘው ቦታ ነው።

ቤል ቦታውን ያገኘው በመጀመሪያ በራስ አሊ ቤት ነበር። በሰኔ 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ራስ አሊን አይሻል ላይ ድል ሲነሡ፣ እርሱ የተሸናፊው ወገን ሰው ነበር። የሚተረክለትም በቤተ ክርስቲያን ተጠግቶ እንደ ነበረና ካሣ ምሕረት ሰጥተው እንዳስጠጉት ነው። ከየካቲት 1847 ዓ.ም. የዘውድ በዓል በኋላ በአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ቤተ መንግሥት የያዘው ማዕረግ ሊቀ መኳስነት ነው። ሊቀ መኳስ በጦር ሜዳ እንደ ንጉሡ ለብሶ፣ በንጉሡ አጠገብ ሆኖ፣ በንጉሡ ላይ የሚወረወረውን ጦር ወደ ራሱ የሚስብ ባለሟል ነው። ማዕረጉ የሚሰጠው ለሞት ለታመነ ሰው ነው። አንድ የባዕድ አገር ሰው በዚህ ቦታ መቀመጡ ከየትኛውም የመግቢያ ፈቃድ በላይ ይናገራል፤ ዮሐንስ የሚለው ስምም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የአሠራር ጉዳዮች ይነሣሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያና የጎርጎርዮስ ዘመናት በሰባት ወይም በስምንት ዓመት መለያየታቸውን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መስከረም 1 ቀን የሚውለው በተለመደው ዓመት ሴፕቴምበር 10 ላይ እንጂ እንደ ዛሬው ሴፕቴምበር 11 ላይ አለመሆኑ ነው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር 1900 የሠግር ዓመት ስላልነበረ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፍቷል። የዛሬውን ማስሊያ ይዞ የዚያን ዘመን ቀን የሚለውጥ ሰው በአንድ ቀን ይስታል። አንድ ቀን ደግሞ ጦርነት በተደረገበትና ሰው በሞተበት ዕለት መካከል ትልቅ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የስምና የማዕረግ ትርጉም ነው። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት፣ መልስ በማጣቱም የቆንስል ካሜሮንን እስርና በኋላ የመቅደላን ዘመቻ ያስከተለው ደብዳቤ፣ ፕላውደንንና ቤልን አብሮ ያነሣል። ስለ ታላቂቱ ክርስቲያን ንግሥት የነገሯቸው እነርሱ እንደ ነበሩ፣ ገዳዮቻቸውንም እንዳጠፉ ንጉሡ ይገልጻሉ። በእንግሊዝኛው ትርጉም ግን የቤል ማዕረግ በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በሚታወቀው በታላቁ የእልፍኝ ሹም ማዕረግ ተተክቷል። እንግሊዝኛውን ብቻ የሚያነብ ሰው በአዳራሽ ደጅ የሚቆም ሹም ይታየዋል። ሊቀ መኳስ የሚለውን የሚያውቅ ሰው ግን የንጉሡን ልብስ ለብሶ በንጉሡ ፈንታ ለመሞት የተዘጋጀ ወታደር ያያል። የቤልን አሟሟት ሊረዳ የሚችለው ይህ ሁለተኛው አንባቢ ነው። ስቬን ሩበንሰን በ1994 ያሳተሙት የቴዎድሮስና የዘመነኞቻቸው የደብዳቤዎች ስብስብ ለተመራማሪ ትልቅ ውለታ የዋለውም ደብዳቤዎቹን ከነመጀመሪያ ቋንቋቸው ስላቀረበ ነው።

ከደብዳቤዎቹ ሌላ የገባበት አገር መዝገብ ብራና ነው። በጎንደርና በቤጌምድር አድባራት የርስትና የጉልት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ በወንጌልና በገድል መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ዶናልድ ክራሚ በ2000 ባሳተሙት የመሬትና የማኅበረ ሰብ ታሪክ ውስጥ እነዚህን የኅዳግ ጽሑፎች እንደ ዋና ምንጭ ተጠቅመውባቸዋል። ይሁንና ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው ወደ መቅደላ ካወጧቸው መጻሕፍት ወደ 350 የሚጠጉት ከ1868ቱ ዘመቻ በኋላ ለእንግሊዝ ሙዚየም ገብተዋል፤ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ሰውየው ከእንግሊዝ ወጥቶ በኢትዮጵያ ቀረ፤ የኖረበትን ዓለም የሚያስረዱት መጻሕፍት ደግሞ ከኢትዮጵያ ወጥተው በእንግሊዝ ቀሩ። ከአርሲ ተነሥቶ ይህን ታሪክ የሚከታተል ተማሪ ለአንድ ኅዳግ ጽሑፍ ሲል ባሕር ተሻግሮ ወደ ለንደን መሄድ ሊኖርበት ነው።

ሐረጉ የቀጠለባቸው ሴቶች

የቤል ዘር በስሙ አልቀጠለም። በእንግሊዝ ልማድ የቤተ ሰብ ስም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ስለሚተላለፍ፣ ሴት ልጅ ባገባች ቀን ስሙ ከመዝገቡ ይወጣል። ቤል ከኢትዮጵያዊት ባለቤቱ ከወለዳቸው መካከል ሐረጉን በጽሑፍ ለመከተል የሚያስችሉት ሴቶች ልጆቹ ናቸው። ሱዛን በታኅሣሥ 1859 የስዊዝ ተወላጅ የሆነውን ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን አገባች። ሌላዋ ልጁ የካርል ዛልሙለር ባለቤት ሆነች። ሁለቱም ባሎች በባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የተላኩ ሚሲዮናውያን ሲሆኑ፣ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት ሰፍረው ለንጉሡ የእጅ ሥራ ያስተምሩና ይሠሩ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራውም በዚሁ መንደር ነው።

ሱዛን ባገባች በዓመቱ አባቷን አጣች። ቀጥሎ በጋፋት የነበረው ኑሮ ከንጉሡ ቁጣና ምሕረት ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ሆነ። በሚያዝያ 1868 መቅደላ ሲወድቅ ከተለቀቁት አውሮፓውያን ጋር የዋልድማየር ቤተ ሰብም ከኢትዮጵያ ወጣ። ለአውሮፓውያኑ ያ ቀን የነጻነት ቀን ነበር፤ ለሱዛን ግን ከተወለደችበት አገር የወጣችበት ቀን ነው። አባቷ ወደዚህ አገር በመጣበት አኳኋን እርሷ ከዚሁ አገር ስደተኛ ሆና ወጣች። የዘመቻው ጸሐፊዎች አንዱን ክንውን በአንድ ቃል «መለቀቅ» ሲሉት፣ የእናቷ ወገን የሆነ ሰው ግን ሌላ ቃል ሊፈልግለት ይችላል።

ዋልድማየር ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ሊባኖስ ሄደ። በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት ከፈተ፤ የኩዌከሮች ማኅበርም ሥራውን ደገፈ። በ1896 የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ለማቋቋም ዘመቻ ጀምሮ፣ በ1900 ዐስፉሪዬ የተባለው ሆስፒታል በቤሩት አጠገብ ሥራውን ጀመረ። የራሱን የሕይወት ታሪክ በ1886 በለንደን አሳትሟል፤ በ1915 ሞተ። ስለ ቤልና ስለ ልጆቹ ብዙ የሚታወቀው በዚህ በአማቹ መጽሐፍ በኩል ነው። ይህም ለተመራማሪ ማስጠንቀቂያ አለው፤ የቤልን ቤት የምናየው ዋልድማየር በቆመበት መስኮት በኩል ነው። ሚሲዮናዊው ስለ እምነት፣ ስለ ሥራና ስለ እስር በስፋት ይጽፋል፤ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ልጆቿን በየትኛው ቋንቋ እንዳሳደገች፣ ዘመዶቿ እንግዳውን ባል እንዴት እንደ ተቀበሉት መጻፍ ግን የመጽሐፉ ዓላማ አልነበረም።

ተመሳሳይ ታሪክ በይበልጥ ታውቆ የሚገኘው በጀርመናዊው ሠዓሊ በኤድዋርድ ዛንደር ቤተ ሰብ ነው። ዛንደር ከኢትዮጵያዊት የወለዳት ወለተ ኢየሱስ፣ በጋፋት መድፍ ይሠራ የነበረውን ፖላንዳዊውን ሞሪትዝ ሆልን አገባች። ልጃቸው ማግዳሌና በያፋ የሩሲያ ተወላጅ ለሆነው ለፕላቶን ኡስቲኖቭ ተዳረች። የእነርሱ ልጅ ዮና በ1921 በለንደን የተወለደውን ተዋናይና ደራሲ ፒተር ኡስቲኖቭን ወለደ። ከዛንደር እስከ ኡስቲኖቭ ያሉትን ሦስት አያያዦች ቢቆጥሯቸው ሁለቱ ሴቶች ናቸው። በአባት ስም ብቻ የሚቆጥር ሰው ከፒተር ተነሥቶ ኢትዮጵያ ሊደርስ አይችልም፤ ሩሲያ ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ የአማራው የዘር ቆጠራ ጥቅሙ ይታያል። አለን ሆበን በ1973 ባሳተሙት የጎጃም ጥናት እንዳሳዩት፣ በርስት ሥርዓት አንድ ሰው ከመጀመሪያው አቅኚ አባት ጋር የሚያገናኘውን ማንኛውንም ሐረግ፣ በሴትም ይሁን በወንድ፣ ቆጥሮ መብቱን ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ሥርዓት ሴት ልጅ ሐረግ የሚያበቃባት አይደለችም፤ ሐረግ የሚያልፍባት ናት። የቤልን ዘር ለመፈለግ የሚበጀው አቆጣጠር እንግሊዝ ያወረሰው የስም አቆጣጠር ሳይሆን፣ ሚስቱ ያደገችበት የቤጌምድር አቆጣጠር ነው።

በሐረጉ ላይ ያለው ደም

የቅድመ አያት ፍለጋ ብዙ ጊዜ የክብር ፍለጋ ይሆናል። በሩቅ ዘመን የነበረ ባሕር ማዶ ሰው በሐረጉ ውስጥ ያገኘ ቤተ ሰብ ያን ስም ከሌሎቹ ሁሉ አጉልቶ ይጠራል፤ በዚያው ትውልድ የነበሩት ሰባት ሌሎች ቅድመ አያቶች በአንዱ ጥላ ሥር ይደበቃሉ። የቤል ታሪክ እስከ መጨረሻው ከተነበበ ግን ለእንዲህ ያለው ኩራት አይመችም።

በ1860 መጀመሪያ ፕላውደን ወደ ምጽዋ ለመውረድ ከጎንደር አካባቢ ሲጓዝ፣ በንጉሡ ላይ ያመፀው ዘመዳቸው ጋረድ ሰዎች አደጋ ጣሉበት። ቆስሎ ተያዘ፤ ቤዛ ተከፍሎለት ወደ ጎንደር ተመለሰ፤ በመጋቢት ወር ሞተ። በዚያው ዓመት ንጉሡ ዐመፀኛውን ለመምታት ወደ ወገራ ሲወጡ ቤል አብሯቸው ነበር። ጋረድ ወደ ንጉሡ ሲያነጣጥር ሊቀ መኳሱ በመካከል ገባ፤ ጋረድን ገደለ፤ እርሱም በጋረድ ወንድም እጅ ወደቀ። ማዕረጉ የጠየቀውን ከፈለ። ታሪኩን የጻፉት አውሮፓውያን ብዙዎቹ ይህን ትዕይንት እንደ ታማኝነት ምሳሌ አድርገው ያቆሙታል።

ትዕይንቱ ግን በዚያ አላበቃም። ንጉሡ ለሁለቱ ወዳጆቻቸው በቀል ሲሉ የተማረኩትን የጋረድን ተከታዮች ደባርቅ ላይ አስገደሉ። የሟቾቹ ቁጥር ከምንጭ ወደ ምንጭ ቢለያይም በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ያንን እልቂት ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ የወዳጅነታቸው ማስረጃ አድርገው አቀረቡት። የቤልን ሕይወት የሚያጠና ሰው ስለዚህ ሌሎች ሐረጎችንም ያገኛል፤ በእርሱ ሞት ምክንያት የተቆረጡትን። የወገራ ሰዎች ልጆችም ቅድመ አያቶች አሏቸው፤ የእነርሱ ስም ግን በለንደን ካለ ደብዳቤ ውስጥ «ጠላቶች» ከሚለው ቃል በስተጀርባ ተሰብስቦ ይገኛል። ፕላውደንን ወንድሙ አሳተመለት፤ ቤልን አማቹ ጻፈለት፤ ደባርቅ ላይ ለቀሩት ግን የሚቀረው የአገሬው የቃል ትውስታ ነው።

በአርሲ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ከ1882 እስከ 1886 በተደረጉት ጦርነቶች ድል የነሣውም ድል የተነሣውም ወገን ልጆች ዛሬ በጢቾ አንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ አንዳንዶቹም ሁለቱንም ወገን በደማቸው ይዘዋል። ከሸዋ የመጣውን ወታደር ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው፣ ያ ወታደር በማን መሬት እንደ ሰፈረም አብሮ ሊጠይቅ ይገባዋል። ጥያቄው የሚቀርበው ሙታንን ለመክሰስ አይደለም። ግማሹ የተቆረጠ ሐረግ የሕይወት ታሪክ ሊባል ስለማይችል ነው።

ወደ ጢቾ መመለስ

የአርሲ ኦሮሞ ቆጠራ በአባት የሚሄድ በመሆኑ እንደ ቤል ላለ ሰው ቦታ የሌለው ይመስላል። ይሁን እንጂ የኦሮሞ ሥርዓት ለመጤ ሰው ሁለት በር አዘጋጅቷል፤ ለልጅ ጉዲፈቻ፣ ለአዋቂና ለቡድን ሞጋሳ። በሞጋሳ ወደ ጎሳ የገባ ሰው የጎሳውን ስም ይይዛል፤ በካሣውም በመብቱም ይካፈላል፤ ልጆቹም ከጎሳው አባት ጀምረው ይቆጥራሉ። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ዛሬ በአማርኛ የሕግ ቃል ሆኖ መግባቱ ብቻውን ሥርዓቱ ምን ያህል የሚሠራ እንደ ነበር ይመሰክራል። በቴዎድሮስ ቤተ መንግሥት ለቤል የተደረገለት በስም ሞጋሳ አይባልም፤ በአሠራሩ ግን የሚመሳሰል ነው። ስም ተሰጠው፤ ቦታ ተሰጠው፤ ግዴታም ተሰጠው። ስለ እርሱ የሞቱትም ያንኑ ግዴታ ተከትለው በመጣ በቀል ነው።

እንግዲህ ሦስቱ ቆጠራዎች ለአንድ ሰው ሦስት መልስ ይሰጣሉ። የእንግሊዙ መዝገብ ከየት እንደ ወጣ ለመጠየቅ ያስችላል፤ ሴት ልጅ ስታገባ ግን ይቆማል። የአማራው የርስት ሐረግ በሴቶች በኩል ወደ ጋፋት፣ ከጋፋትም እስከ ብሩማና ድረስ ይዘልቃል። የኦሮሞው ሞጋሳ ደግሞ አንድ መጤ ሰው መቼ የአገር ሰው ሆነ ለሚለው ጥያቄ መመዘኛ ይሰጣል። በአንዱ ብቻ የሚሠራ ተመራማሪ የሰውየውን ሲሶ ያገኛል።

ለአርሲ ደጋ ተማሪ ከዚህ የሚወጣው ሥራ ቅርብ ነው። በጢቾ የሚኖሩ አረጋውያን የአባቶችን ሐረግ በቃል ሲያወርዱ የሚቀዳላቸው ሰው አንዳንድ ጊዜ ይገኛል። የእናቶችን ሐረግ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሲንቄ ይዘው ለሰላም የሚወጡት የአርሲ እናቶች ከየትኛው ጎሳ ተድረው እንደ መጡ፣ ከማን ጋር ማንን እንዳስታረቁ ያውቃሉ። ከሸዋ የመጡት ቤተ ሰቦች ሴት አያቶችም በሰባት ቤት ቆጠራ የማን ልጅ የት እንደ ተዳረች ይናገራሉ። የሁለቱ ወገን ሴቶች የሚያውቁት ጎን ለጎን ቢጻፍ፣ የአባቶች ቆጠራ ብቻውን የማያሳየው የደጋው የጋብቻና የዝምድና ካርታ ይወጣል።

አሠራሩም ውስብስብ አይደለም። ለእያንዳንዱ ስም አባትንም እናትንም መመዝገብ፤ ቀኑን በተነገረበት ዘመን አቆጣጠር ጽፎ ልውጡን ለብቻ ማስቀመጥ፤ ማዕረግን ሳይተረጉሙ እንዳለ መያዝ፤ ከድል አድራጊው ወገን የተሰማውን ድል ከተነሣው ወገን ሰው ዘንድ መልሶ መጠየቅ፤ ተናጋሪዋ ልጄ ይታወቅብኛል ያለችውን ስም ደግሞ ሳይታተም መተው። በቤል ታሪክ ውስጥ ከእነዚህ አምስቱ አንዱም በጊዜው በተሟላ መንገድ አልተደረገም። ስለዚህም አሟሟቱ በዝርዝር ሲታወቅ፣ ሚስቱ ልጆቿን ያሳደገችበት ቤት ከመጻሕፍቱ ጠርዝ ላይ ቀርቷል። በጢቾ የሚጠየቁት ሴቶች ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ብዙዎቹም ከሰማንያ ዓመት በላይ ናቸው።